ከአጎራው ድንጋይ እስከ ቴናሮ ጫፍ

በአቴንስ ጥንታዊ ገበያ፣ አጎራ በሚባለው ሜዳ ደቡብ ምዕራብ በኩል አንድ የእብነ በረድ ድንጋይ ቆሟል። ከአክሮፖሊስ የሚወርደው ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ሳያየው ያልፋል። ጽሑፉ «የአጎራው ወሰን እኔ ነኝ» ይላል፤ ድንጋዩ ስለ ራሱ እየተናገረ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ሲተከል ዓላማው ግልጽ ነበር። ወላጆቹን የበደለ ወይም ከዘመቻ የሸሸ ሰው ከዚያ መስመር አልፎ ወደ አደባባዩ እንዳይገባ ሕግ ይከለክለው ነበር።

ጉዞዬን ከዚህ ድንጋይ የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው። የምተዳደረው ከእንግሊዝኛ ወደ ግሪክኛ በመተርጎም ሲሆን፣ በእጄ የነበረው ሥራ የግሪክ ደቡባዊ ልሳነ ምድር በሆነው በፔሎፖኔዝ ደቡብ በእግር ለሚጓዙ ሰዎች የተዘጋጀ የደኅንነት መመሪያ ነበር። እንግሊዝኛው «ኤክስትሪም» (እጅግ የበረታ፣ የመጨረሻ ጫፍ) እና «ሊሚት» (ገደብ) የሚሉትን ሁለት ቃላት በየገጹ ይደጋግማል። ኃይለኛ ሙቀትም፣ የገደል አፋፍም፣ ጥንቃቄም፣ የመሬት ጫፍም «ኤክስትሪም» ነው። ግሪክኛ ይህን አይቀበልም። መጨረሻውን ማን አበጀው? ሰው ነው፣ መሬት ነው ወይስ ጊዜ? ይህን ሳያውቁ አንዱንም ቃል በትክክል መምረጥ አይቻልም። ስለዚህ መመሪያው የሚናገርበትን አገር በዓይኔ አይቼ፣ በእግሬ ረግጬ ልተረጉመው ወሰንኩ።

ድንጋዩ ላይ ያለው ቃል «ኦሮስ» ነው። የዛሬው ግሪክኛ ከእርሱ የወጣውን «ኦሪዮ» ይጠቀማል። በአውራ ጎዳና ላይ የፍጥነት ገደብ ኦሪዮ ነው፤ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰውም «ትዕግሥቴ ኦሪዮ አለው» ይላል። የአገር ድንበር ደግሞ «ሲኖሮ» ነው፣ የጋራ ወሰን እንደማለት። እነዚህ ሁሉ ሰው የተከላቸው፣ ሰውም ሊነቅላቸው የሚችል ናቸው።

ከአጎራው ተነሥቼ በአክሮፖሊስ ግርጌ ዞሬ በሮማው ንጉሠ ነገሥት ስም ወደሚጠራው የሃድሪያን ቅስት ሄድኩ። ቅስቱ የቆመው በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ዛሬ አውቶቡስና ታክሲ በሚተራመስበት ጎዳና ዳር ይገኛል። ወደ አክሮፖሊስ የሚያየው ፊቱ «ይህች አቴንስ ናት፣ የቴሴዎስ ጥንታዊት ከተማ» ይላል፤ ቴሴዎስ በአፈ ታሪክ የአቴንስ ንጉሥ ነው። በሌላው ወገን ያለው ጽሑፍ ደግሞ «ይህች የሃድሪያን ከተማ ናት፣ የቴሴዎስ አይደለችም» ሲል ይመልሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ግድግዳ ውፍረት ብቻ ነው። ደጋግሜ ወዲያና ወዲህ ተሻገርኩ። ኦሪዮን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ መዝገበ ቃላት አላየሁም። ወሰን ማለት ነገሩ የሚያልቅበት ብቻ ሳይሆን ሌላው የሚጀምርበትም ነው፤ እንግሊዝኛው «ሊሚት» ግን ማለቁን ብቻ ነው የሚያሳስበኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ከኪፊሶስ መናኸሪያ ወደ ላኮኒያ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የቆሮንቶስን ቦይ ተሻገርን። በ1893 የተከፈተው ይህ ቦይ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከድልድዩ ላይ ቁልቁል ሲያዩት ዓለቱ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። ጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው ቴሴዎስ በዚህ ጠባብ የብስ ላይ ሁለት ፊት ያለው ዓምድ አቁሞ ነበር። አንደኛው ፊት «ይህ ፔሎፖኔዝ አይደለም፣ ኢዮንያ ነው» ሲል፣ ሌላኛው «ይህ ፔሎፖኔዝ ነው፣ ኢዮንያ አይደለም» ይላል። የሃድሪያን ቅስት ያንን ዓምድ እንደሚያስተጋባ ብዙዎች ይናገራሉ፤ እኔም ሁለቱን በተከታታይ ቀን ካየሁ በኋላ አልጠራጠርም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የምትዘጋጅ ነበረች። ጭኗ ላይ የሒሳብ ደብተር ዘርግታለች፤ በላቲን ፊደል የተጻፈውን የ«ሊሚት» ምልክት ጣቷን ጭና በለሆሳስ «ኦሪዮ» እያለች ታነባለች። ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥቦች ግን በደብተሯ ላይ «አክሮታታ» ናቸው፣ እጅግ ጫፍ የሆኑት። ፍጻሜ የሌለው ደግሞ «አፒሮ» ነው፣ «ፔራስ» የሌለው። ፔራስ ተሻግረው የሚደርሱበት የመጨረሻ ዳር ነው። ልጅቷ በሦስት መስመር ውስጥ ሦስቱንም ስትጠቀም ሰማሁ፤ አንዱን በሌላው አልተካችም። በፈተናው እንዲሳካላት ተመኝቼላት ስፓርታ ላይ ተለያየን።

ከጊቲዮ ከተማ ወዲያ ማኒ የተባለው አገር ይጀምራል። ዛፍ እየሳሳ፣ ድንጋይ እየበዛ ይሄዳል፤ ማማ መሰል ረጃጅም ቤቶች በየኮረብታው ላይ ቆመዋል። አሬኦፖሊ ስደርስ ቀትሩ ያቃጥል ነበር። በበጋ ወራት የግሪክ ሲቪል መከላከያ በየቀኑ የሰደድ እሳት አደጋ ካርታ ያወጣል። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ በጣም ከፍተኛ ይሉና አምስተኛው ላይ ሲደርሱ የመለኪያ ቃሉን ትተው «ካታስታሲ ሲናየርሙ» ይላሉ፤ የማንቂያ ደወል ሁኔታ ማለት ነው። እንግሊዝኛው መመሪያ «ኤክስትሪም» ያለው ይህንኑ ነበር። እንግሊዝኛው አደጋውን ይለካል፣ ግሪክኛው ሰዉን ይጠራል። በሐምሌ 2018 በአቴንስ አቅራቢያ ማቲ በተባለው የባሕር ዳርቻ መንደር ከ100 በላይ ሰዎች በእሳት ባለቁበት አገር፣ ሁለተኛው አነጋገር እንደሚበልጥ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሙቀቱም የራሱ ስም አለው፣ «ካፍሶናስ» ይሉታል። ሐምሌ 10 ቀን 1977 በአቴንስ ዙሪያ ኤሌፍሲና እና ታቶይ ላይ 48 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተመዝግቦ፣ በ2021 ሲሲሊ 48.8 እስክታስመዘግብ ድረስ የአውሮፓ ከፍተኛው ሆኖ ቆይቷል። አሁን አሁን ዜና አንባቢዎች የእንግሊዝኛውን ፈለግ ተከትለው ሁሉን ነገር «አክሬኦ»፣ ማለትም ጽንፈኛ ሲሉ እሰማለሁ። ለአየር ጠባይ ተለምዷል፣ ይሁን። «አክሬኦ ጥንቃቄ» ሲባል ግን ጆሮዬን ያመኛል፤ ግሪኮች ሲጠነቀቁ «ትልቅ ጥንቃቄ» ነው የሚሉት።

ወደ ጉዞዬ መጨረሻ ወደ ቴናሮ የሚወስደው አስፋልት ኮኪኖጊያ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በእግር ነው። መነሻው ላይ ወንበር አውጥተው የተቀመጡ አዛውንት «ወዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ። ወደ ባሕር መብራቱ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ወደ አክሪ» ሲሉ አረሙኝ፣ ወደ ጫፉ። ከዚያም ቦርሳዬን በዓይናቸው መዝነው «ሁለት ጠርሙስ ውሃ ያዢ፣ ጥላ የሚባል የለም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። መንገዱ ቀይ አፈርና የሾለ ድንጋይ ነው፤ እሾሃማ ቁጥቋጦ እግርን ይቧጥጣል። አጠገቡ ባለ ባዶ ሜዳ ላይ በሮማውያን ዘመን የተነጠፈ የሞዛይክ ወለል ፀሐይ እየመታው ይታያል። ክብ ነው፣ ማዕበል እየተጠቀለለ ይዞረዋል።

ቴናሮ የግሪክ ዋና ምድር ደቡባዊ ጫፍ ነው። የጥንት ሰዎች የሙታን ዓለም መግቢያ ዋሻ እዚህ እንዳለ ያምኑ ነበር፤ የባሕር አምላክ ፖሲዶንም መቅደስ ነበረው። ተሳዳጅ ወደዚያ ከገባ አይነካም። ስፓርታውያን ግን የተማጸኑ ገባሮቻቸውን ከመቅደሱ አውጥተው ገደሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ464 ገደማ ከተማቸውን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የዚያ ግፍ ቅጣት እንደሆነ ራሳቸው ያምኑ እንደነበር ጥንታዊው ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ጽፏል። አንድ ቦታ ላይ አክሮም፣ ኦሪዮም አለ፦ ጫፉን መሬት ሠራው፣ ወሰኑን ሰው ሠራው፣ የፈረሰው ወሰኑ ነው።

ከመብራት ግንቡ ሥር ቆሜ ወደ ደቡብ አየሁ። በዚያ አቅጣጫ ቀጥሎ ያለው የብስ ሊቢያ ነው፣ አፍሪካ። የሆሜር ግጥም ኦዲሴ ሲጀምር ፖሲዶን እቤቱ የለም፤ ሩቅ አገር ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሄዷል። ሆሜር እነርሱን የገለጸበት ቃል «ኤስኻቲ» ነው፣ ከሰዎች ሁሉ መጨረሻዎቹ። የሆሜር ኢትዮጵያ የዛሬዋን ካርታ የሚከተል አይደለም፤ ቃሉ ግን ልቤን ነካው። ኤስኻቶ ጫፍም ወሰንም አይደለም፣ በተራ የመጨረሻው ነው። የሐዋርያት ሥራ «እስከ ምድር ዳር» የሚለው በግሪክኛው በዚሁ ቃል ነው፤ በዚያው መጽሐፍ ስምንተኛ ምዕራፍ ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ይመጣል። በዛሬው ግሪክኛም ቃሉ ክብደቱን አልለቀቀም፦ የሞት ቅጣት ከቅጣቶች ሁሉ ኤስኻቲ ነው፣ አገርን መክዳትም ኤስኻቲ ክህደት ይባላል። ዜና የሚናገረውን «አክሬኦ ድህነት» ባነበብኩ ቁጥር ድሮ የሚባለውን ኤስኻቲ ድህነት እናፍቃለሁ። አንደኛው ድሃውን በሠንጠረዥ ዳር ያስቀምጠዋል፣ ሌላው ከእርሱ በኋላ ማንም እንደሌለ ይናገራል።

አመሻሽ ላይ ኮኪኖጊያ ተመልሼ ምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። «ኤክስትሪም ጫፍ» የተባለው አክሮቲሪዮ ብቻ ሆነ፣ ጫፍነቱ በቃሉ ውስጥ አለና። ሙቀቱ ካፍሶናስ፣ አምስተኛው የእሳት ደረጃ ማንቂያ ደወል፣ ጥንቃቄው ትልቅ ጥንቃቄ ሆነ። «አቅምህን እወቅ» የሚለው ላይ ኦሪዮን በደስታ ተጠቀምኩ፤ ያ ወሰን እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የሚተክለው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ቀረኝ፦ እንግሊዝኛው ተጓዡን «ሊሚትህን ጣስ» እያለ ያበረታታዋል። በግሪክኛ በቀላሉ ይባላል፣ ማስታወቂያዎችም ይሉታል። ጥላ በሌለበት መንገድ ላይ፣ በማንቂያ ደወል ቀን፣ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ለያዘ ሰው ግን ልጽፈው አልፈቀድኩም። ለአሠሪዎቼ ምክንያቱን ዘርዝሬ ይሰረዝ አልኳቸው፤ የታተመው መመሪያ ላይ የለም።