ማጽጃው የጠረገው ኮምፒውተር

ዛሬ አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ወርድ አልከፈትም ይላል። ፕሪንተሩ የለም ይላል። የአማርኛ መጻፊያውም ጠፍቷል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሊያሳትሙ የመጡ ተማሪዎች በሩን ሞልተውታል።

«ምን ነካካችሁ?» አልኩት ሠራተኛውን።

«ኧረ ምንም! እንዲፈጥን ብዬ የሬጅስትሪ ማጽጃ ብቻ ነው የጫንኩት።»

ምንም አለ እንግዲህ! ሬጅስትሪ ማለት ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ ሴቲንጋቸውን የሚያስቀምጡበት መዝገብ ነው። ማጽጃው ትርፍ ነው ብሎ የሚያጠፋው መስመር አንዳንዴ ዋናው ይሆናል። ይፈጥናል የሚባለው ደግሞ ወሬ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ እነዚህን ማጽጃዎች አይደግፍም።

ማጽጃው ከማጥፋቱ በፊት ያስቀመጠው ቅጂ (ባክአፕ) ካለ ብዬ ፈለግኩ፤ የለም። ደግነቱ ሲስተም ሪስቶር፣ ማለትም ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰው መሣሪያ፣ በርቶ ነበር። ማጽጃው ከመጫኑ በፊት ወደነበረበት መለስኩት። ሪስቶር የግል ፋይል አይነካም፤ ባለቤቷ እትዬ ግን እስኪያልቅ ድረስ «የልጆቹ ጽሑፍ እንዳይጠፋ አደራ!» እያሉ ከራሴ ላይ አልወረዱም። ወርድ ተከፈተ፣ ፕሪንተሩም መጣ። የአማርኛ መጻፊያው ብቻ እምቢ ስላለ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት።

ልወጣ ስል ያው ሠራተኛ ጠጋ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ራም የሚጨምር ሶፍትዌርስ አለ አሉ፤ እውነት ነው?» ራም እኮ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ የማስታወሻ ዕቃ ነው!