አዲስ ሰርቨር ከመግዛታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሰው ብርዱ ጥሩ አጋዥ ነው፤ ለሞላ ዲስክና ለተንዛዛ ኮድ ግን ምንም አይፈይድም። ሃያ ሺህ አባላት ያሉት የገብስ አምራቾች ማኅበር መዝገብ ሲንቀራፈፍ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ይወቀሳል። ማሽኑ ይቆይ።

ከዲስኩ ጀምሩ። ትልቁ ሎግ (ፕሮግራሞች የሥራቸውን ማስታወሻ የሚጽፉበት ፋይል) ተሰርዞ ቦታው ካልተለቀቀ፣ አንድ ፕሮግራም ፋይሉን አሁንም ከፍቶ ይዞታል ማለት ነው። ኤልኤስኦኤፍ (lsof) የተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ማን እንደያዘው ያሳያል፤ አገልግሎቱ እንደገና ሲነሳ ቦታው ይመለሳል። ለወደፊቱ የሚጻፍበትን ሎግ ከመሰረዝ ይዘቱን ባዶ ማድረግ ይሻላል። ዲስኩ ቦታ እያለው «ሞልቷል» ካለ ደግሞ አይኖድ (ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚያስፈልገው የመዝገብ ቦታ) አልቆ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጨርሱት ድረ ገጹ ለየተጠቃሚው የሚከፍታቸው ጥቃቅን የሴሽን ፋይሎች ናቸው። የሲስተምዲ ጆርናል (ሊኑክስ የራሱን ሎግ የሚያከማችበት) ገደብ ካልተሰጠው የዲስኩን 10 በመቶ፣ ቢበዛ 4 ጊጋባይት ይይዛል። አንዴ መጥረግ አይበቃም፤ ጣሪያውን በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ አስቀምጡለት። አሮጌ ከርነሎችን (የሊኑክስ እምብርት የቆዩ ስሪቶችን) ፕሮግራም ጫኝና አራጋፊው አፕት (apt) ያነሳቸዋል፤ ብቻ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት ዝርዝሩን አንብቡ።

ዋናው ጣጣ ግን የስም ፍለጋ ላይ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብሎ ይመዘግባል። ሰነፉ ኮድ በእያንዳንዱ ፍለጋ ሃያ ሺሁንም ስም ከዳታቤዝ ጎትቶ፣ ሁሉንም ወደ አንድ አጻጻፍ አስተካክሎ ያነጻጽራል። መፍትሔው ለመፈለጊያ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ ነው፦ ስሙ ሲመዘገብ አንዴ ይስተካከላል፣ ኢንዴክስ (ፈጥኖ ማግኛ ማውጫ) ይሠራለታል፤ ፈላጊው የጻፈውም በዚያው የማስተካከያ ፈንክሽን ያልፋል። የባለቤቱን አጻጻፍ አትንኩ፤ መታወቂያው ላይ ያለው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሐን በሀ፣ ሓን በሃ እያሉ ረድፍ በረድፍ መተካት አይበቃም፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስቱም ወደ አንድ ፊደል መምጣት አለባቸው። አለዚያ «ኃይሉ» ወደ «ሃይሉ» ይለወጥና ከ«ሀይሉ» ጋር አይገናኝም። አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓም እንደዚሁ።

ክፍያን ከአባል ጋር በሁለት ተደራራቢ ሉፕ (ድግግሞሽ) የሚያገናኝ ኮድ ከገጠማችሁ፣ 20,000 በ20,000 በከፋ ጊዜ 400 ሚሊዮን ንጽጽር ነው። አባላቱን በመለያ ቁጥራቸው አንዴ ዲክሽነሪ (በመለያው በቀጥታ የሚገኝበት ማውጫ) ውስጥ ካስገባችሁ 20,000 ፍለጋ ይበቃል። ውጤቱንም 50 50 እያደረጋችሁ ላኩ፤ መሀል ሜዳ ላይ በስልክ የሚከፍተው ሰው ሙሉ መዝገቡን አልጠየቀም።

ስም በባይት እየቆጠረ 50 ላይ የሚቆርጥ ኮድም ፈልጉ። በዩቲኤፍ 8 (ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥበት ሥርዓት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ፣ 17ኛው ፊደል መሀሉ ላይ ይሰበራል።