ኮርዶማን በጨረር ማከም፦ ጣጣው ሚሊሜትሩ ላይ ነው

ኮርዶማ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች አንዱን ገደማ የሚይዝ የአጥንት ካንሰር ነው። የሚነሣው አከርካሪ ከመሠራቱ በፊት በፅንሱ ጀርባ ላይ ከሚዘረጋው ዘንግ ቅሪት ሲሆን፣ የራስ ቅል ግርጌንና የአከርካሪን ታችኛ ጫፍ ይወዳል። አዝጋሚ ነው፤ ለጨረር ግን ግትር። ብዙ ጊዜ ከ70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በላይ ይጠይቃል፤ በቀን 1.8 ወይም 2 ግሬይ እየተሰጠ ከ7 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ጎረቤቱ የአንጎል ግንድ ደግሞ በጥቅሉ ከ54 ግሬይ እንዳያልፍ ይጠበቃል፤ ጠርዙ ብቻ ሲሆን 60 ገደማ ይፈቀድለታል። በዕጢውና በግንዱ መካከል ያለው ክፍተት አንዳንዴ 2 ሚሊሜትር ነው።

ኤክስሬይ ዕጢውን አልፎ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ሌላው የጨረር ዓይነት፣ ከአቶም ቅንጣት የሚሠራው ፕሮቶን፣ አብዛኛውን ጉልበቱን መጨረሻው ላይ አራግፎ እዚያው ይቆማል። የሚያጓጓውም የሚያሳስተውም ይኸው ነው። የሚቆምበት ቦታ የሚሰላው ከሲቲ ስካን ስለሆነ እስከ 3.5 በመቶ መሳሳት ይታሰብለታል፤ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ 3.5 ሚሊሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ጨረሩን ፊት ለፊት ወደ አንጎል ግንድ አነጣጥሮ «እዚህ ጋ ይቆምልኛል» ማለት ቁማር ነው። ግንዱን በጎን ታክከው የሚያልፉ ሦስት አራት አቅጣጫዎች ይሻላሉ።

ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው ገና ቀዶ ሕክምናው ላይ ነው። የታይታኒየም ብሎን ሲቲው ላይ ጥቁርና ነጭ ጭረት ይረጫል፤ የዕጢውም ወሰን ይጠፋል፣ የፕሮቶኑም ስሌት ይዛባል። አከርካሪ የሚደግፍ ቀዶ ሐኪም አስቀድሞ ከጨረር ሐኪሙ ጋር ከተነጋገረ በካርቦን ፋይበር መተካት ይቻላል። ብሎኑ ከገባ በኋላ የሚደረግ ውይይት እምብዛም አይጠቅምም።

ለዕቅዱ ሲቲው በ1 ሚሊሜትር ውፍረት ይነሣና ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ከተነሣው ኤምአርአይ ጋር ይደረባል። ቲ2 በሚባለው የኤምአርአይ ምስል ላይ ዕጢው ደምቆ ይታያል። ታካሚው በልኩ የተሠራ ጭምብል ለብሶ፣ በየቀኑ ጨረሩ ከመለቀቁ በፊት ምስል ይነሣል። ከአፍንጫ ጀርባ ያለው የአየር ክፍተት በፈሳሽ ከሞላ ወይም ከደረቀ ግን ጭምብሉ ልክ ቢሆንም ፕሮቶኑ ቦታውን ይስታል፤ በመሃል ሲቲውን መድገም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፕሮቶን ከሌለ በየቀኑ በምስል የሚመራ፣ መጠኑ በጥንቃቄ የተቀረጸ ኤክስሬይ አለ። በግዴለሽነት ከታቀደ ፕሮቶን እሱን እመርጣለሁ።

ከሕክምናው በኋላ ኤምአርአዩ ለወራት ያንኑ ዕጢ ቢያሳይ አያስደንግጥ፤ ኮርዶማ ሲሞትም አዝጋሚ ነው። የራስ ቅል ግርጌው ከታከመ ግን ከአንጎል ሥር ያለችው የሆርሞን አመንጪ፣ የፒቱታሪ፣ ሆርሞኖች በየጊዜው ይለኩ፤ ጉድለቱ ዓመታት ቆይቶም ይመጣል።