"አባዬ መታ!"

ልጄ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይሰማል ብዬ አምን ነበር። ስጠራው ዞር ይላል፣ ባጃጅ ሲያልፍ ሮጦ ይወጣል፣ ታዲያ ምን ልጠርጥር? አንድ ቀን ጎረቤቴ ቀስ ብላ "አንቺ፣ ባልሽ ልጁን ይመታዋል እንዴ?" አለችኝ። ደነገጥኩ። ለካስ አባቱ ከሥራ በገባ ቁጥር "አባዬ መታ! አባዬ መታ!" እያለ ሰፈሩን ያዳርሰዋል። ሊል የፈለገው "መጣ" ነው።

ስናስመረምረው ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል፣ ቀጭኑ ይጠፋበታል። አ እና ኦ ጉልበት ስላላቸው ይደርሱታል፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ ግን ጉልበታቸው ያለው በቀጭኑ በኩል፣ ከ2000 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) በላይ ነው፣ ድምፃቸውም ደካማ ነው። ስለዚህ "ሰማ" እና "ሸማ" ለእሱ አንድ ቃል ነበሩ። ጆሮው ለይቶ ያላቀበለውን አእምሮው ከየት አምጥቶ ይለየው? እኔ ደግሞ "ይሄ ልጅ ዝም ብሎ አይታዘዝም" እያልኩ ስቆጣው ከርሜያለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ትልቁ ስህተቴ ጆሮው ላይ የሚደረግለትን የመስሚያ መሣሪያ እንደ መነጽር ማየቴ ነው። ዛሬ ይደረግለታል፣ ነገ ያወራል ብዬ ጠበቅሁ። መሣሪያው ድምፁን ያጎላል እንጂ ምን እንደሆነ አይነግረውም፤ ያንን አእምሮው መማር አለበት፣ ለዚህ ደግሞ ምርጡ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናቸው፣ እኛ በከንቱ ያሳለፍናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት እየነቀለ ይወረውረው ነበር።

የሠራልን ማታ ማታ 15 ደቂቃ ሥዕል እያሳዩ መጫወት ነው። አንዱ ሥዕል የሚመጣ ሰው፣ ሌላው ከበሮ የሚመታ። "መጣ" ስል ያኛውን፣ "መታ" ስል ይሄኛውን ይጠቁማል። "ፈራ" እና "ሠራ" ላይ ሲሆን አፌን በነጠላዬ ጫፍ እሸፍናለሁ፣ አለበለዚያ ከንፈሬን አይቶ ያጭበረብራል! "መጣ" እና "መታ" ግን ከንፈር ላይ አይለዩም፤ እዚያ ጆሮው ብቻ ነው ያለው። መሣሪያው የቬንትሌተሩንም ሹክታ ስለሚያጎላ ማጥፋት ግድ ነው። በድሬ ሙቀት፣ አስቡት፣ ሁለታችንም በላብ ተጠምቀን። ላቡ ደግሞ መሣሪያውን ስለሚያበላሸው ማታ ጠርጌ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ አስተኛዋለሁ።

አንድ ነገር ባላደርግ ይሻለኝ ነበር። ሰው መክሮኝ አያቱ በኦሮምኛ እንዳያናግሩት ከለከልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ልጁም አያቱም ተኳርፈው ከረሙ። ክልከላውን ተውኩት።

አሁን "አባዬ መጣ" ይላል፣ ባጃጅ ካላለፈ። መሣሪያው ሰሞኑን ማፏጨት ጀምሯል፤ ጆሮው ስላደገ ውስጡ የሚገባው ፕላስቲክ አንሶ ላልቶበታል። ሰኞ አዲስ ልናስለካ ነው።