እጁ አልረሳም

ዛሬ ታላቅ ወንድሜ ስሜን ጠየቀኝ። «አንቺ... ማን ነበርሽ?» ባጃጅ ተገልብጦበት ጭንቅላቱን ከተመታ ሰባት ወሩ ነው። ለምጄዋለሁ እላለሁ፤ ውሸቴን ነው።

ወዲያው የአስር ሰላት አዛን ተሰማ። ተነሳ። ጀሪካኑን አዘንብዬ ውሃ አፈሰስኩለት። እጁን ሦስቴ፣ አፉን ሦስቴ፣ አፍንጫውን፣ ፊቱን። ቀኝ ክንዱን እስከ ክርኑ ታጠበ። ግራው አሁንም አይታዘዘውም፤ ውሃው በጣቶቹ መሃል እየፈሰሰ ትንሽ ጠበቀው፣ ከዚያ በቀኙ ደግፎ አጠበው። ራሱን አበሰ፣ እግሩን ታጠበ። አንድም አልዘለለም።

ሐኪሙ ነግሮናል፦ አንጎል ስምን የሚይዝበትና እጅ በዓመታት የለመደውን የሚይዝበት ቦታ ይለያያል። አንዱ ሲጎዳ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። እሺ፣ ገባኝ። እሱ ግን ሰግዶ ሲነሳ ምን አለኝ? «ስሰግድ የድሮው እኔ ነኝ። ስነሳ ነው የምጠፋው።»

መልስ አጣሁ። ቡና አፈላሁ። ጎረቤታችን እትዬ ከጦሳ ተራራ የወረደውን ብርድ እየረገሙ ገቡና «እመብርሃን ትማርህ ልጄ» አሉት። «አሚን» አለ። ያው ደሴ ነው።

በረካው ላይ ስሜን ደግሞ ጠየቀኝ። ነገርኩት።