መሶቧን ማንም አልነካትም

አክስቴ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አላት። "ኮምፒውተር ላይ ተጥደህ ነው የምትውለው፣ ለእኔም አንድ ድረ ገጽ ሥራልኝ እንጂ" አለችኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ስለነበር ማንም ያልሠራውን ልሠራ ተነሳሁ። ሜኑውን እንደ ሰው ሁሉ ከላይ አላደረግኩትም። ከታች ቀኝ ጥግ ላይ አንዲት መሶብ ሳልኩ። ሲነኳት ክዳኗ ይከፈትና ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ስልክ ቁጥር ከውስጧ ይወጣሉ። ሁለት ሳምንት ፈጀችብኝ። ስትከፈት ለማየት ብቻ ስንቴ እንደነካኋት!

እንዳለቀ ሱቁ ውስጥ ለምትሠራው ልጅ ስልኬን ሰጠኋትና "እስቲ የጋቢ ዋጋ ፈልጊልኝ" አልኳት። አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ከኮዱ በላይ ከበደኝ። ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ላይ ተመለሰች። ከላይ ግራ ጥግ ያለውን የሱቁን አርማ ሦስቴ ነካችው። ሊንክ አላደረግኩበትም፣ ምንም አልሆነ። ከላይ በቀኝ በኩል ባዶውን ቦታ ጫን ጫን አደረገች። እዚያ ሜኑ የሚከፍቱትን ሦስት አግዳሚ መስመሮች ለምዳለቻ! መሶቧን አየቻትና "ታምራለች" ብላ አለፈቻት። በመጨረሻ "ኔትወርክ የለም መሰለኝ" ብላ ስልኬን መለሰችልኝ።

ኔትወርክማ ነበር።

የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን፣ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ያንተ ባልሆኑ ድረ ገጾች ላይ ነው ይላል። አንብቤው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። ሦስቱን መስመሮች ዲዛይነሩ ኖርም ኮክስ የሳላቸው ለዜሮክስ ስታር ኮምፒውተር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1981። ልጅቷ ይህን አታውቅም። ጣቷ ግን ያውቀዋል።

አርማውን ሲነኩት ወደ መጀመሪያው ገጽ እንዲመልስ አደረግኩ። ሦስቱን መስመሮች ከላይ አስቀምጬ ከሥራቸው "ሜኑ" ብዬ ጻፍኩ። ስልክ ቁጥሩን ከመሶብ አውጥቼ አናት ላይ ሰቀልኩት። አንድ እልህ ብቻ ቀርቶኝ ነበር፦ የተመረጠ ዕቃ የሚጠራቀምበት ቦታ ምልክቱ የሱፐርማርኬት ጋሪ ነው፤ ጋሪ ሽሮ ሜዳ ምን ይሠራል ብዬ በቦታው ዘንቢል ሳልኩ። አክስቴም ወደደችው። የመረጡትን ዕቃ ግን ማንም መልሶ ሊያገኘው አልቻለም። ጋሪው ተመለሰ።

እንዲህ እጅ ከሰጠሁ በኋላ ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ሄድኩ። ያወረድኩትን የፈረንጅ ቴምፕሌት፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚገኝ የገጽ ንድፍ፣ እንዳለ ማመን። ቴምፕሌቱ ሜኑውን ጎላ የሚያደርገው በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ሜኑውና ጽሑፉ ተመሳሰሉ። በወፍራም ፊደል ለየኋቸው። መስመሮቹም ተጨናንቀው እነ ቋ እና ጿ ከታችኛው መስመር ጋር ሊነካኩ ደርሰው ነበር። የመስመሩን ቁመት ወደ ፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ ሳሰፋው ገጹ ተነፈሰ።

ፎርሙ ባሰ። "የመጀመሪያ ስም"፣ ከዚያ "የመጨረሻ ስም" ይላል። በመጨረሻው ላይ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል። አንዷ ሁለቱም ላይ ሙሉ ስሟን ደገመችው። "ሙሉ ስም" ብዬ አንድ ቦታ ብቻ ተውኩ። ዚፕ ኮድ (የሰፈር የፖስታ ቁጥር) ካልሞላህ አላሳልፍም ስለሚል የአዲስ አበባ ሰው 0000 እየጻፈ ያልፍ ነበር። እሱን አጥፍቼ "ልዩ ምልክት" አስገባሁ። "ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊ በር።" ሞተረኛው እንዲህ ነው የሚያገኘው። የሥራ ሰዓቱ "8:00" ይል ስለነበር ጠዋት መምጣት ስትችል ከምሳ በኋላ የመጣች ደንበኛም ነበረች። አሁን "ከጠዋቱ 2 ሰዓት" ይላል።

የቀኑ ነገር ግን እስካሁን ያስደነግጠኛል። አሜሪካ ያለች ደንበኛ ቀሚስ አዘዘች። የሚፈለግበት ቀን "01/07"። አክስቴ የፊተኛውን ቁጥር ቀን፣ የኋለኛውን ወር አድርጋ አነበበችው፤ ሰባተኛው ወር ደግሞ መጋቢት ነው። መጋቢት 1። "እትዬ፣ ይደርሳል?" ብላት "ኧረ ገና ነው!" አለችኝ። እውነትም ገና ነበር። ሴትየዋ ግን እንደ አሜሪካ ልማድ ወሩን አስቀድማ የጻፈችው ጃንዋሪ 7ን ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ደውላ "ቀሚሴስ?" ስትል ጥልፉ እንኳ አልተጀመረም። ሁለት ሌሊት ተሠርቶ ለበዓሉ ለጥቂት ደረሰላት።

አሁን ወሩ በስሙ ይጻፋል፣ በሁለቱም አቆጣጠር። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ቦታ ጨመርኩ፦ "ለየትኛው በዓል ነው?" ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ሠርግ። ይህን ያገኘሁት ከየትም ቴምፕሌት አይደለም፤ አክስቴ ደንበኛ ሲደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ቀኑን የምታየው ከዚያ በኋላ ነው።

መሶቧን አክስቴ "አትንካብኝ" ስላለች ገጹ ግርጌ ላይ ትቻታለሁ። አትከፈትም።