በአንዲት ሌሊት የቀረችብን ፓሪስ

ለዕረፍት የት እንሂድ የሚለው ክርክር የተጀመረው ፒያሳ ነው። ከደጎል አደባባይ ብዙ ሳንርቅ ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ብለናል። እኔ ሮም አልኩ፣ ባለቤቴ ፓሪስ አለች። ሰፈሩም አላገዘንም፤ ፒያሳ የጣሊያን ቃል ነው፣ ደጎል ደግሞ ፈረንሳዊ።

የእኔ ምክንያት አበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ፣ በባዶ እግሩ የሮጠው ማራቶን ያለቀው ኮሎሲየም አጠገብ ካለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ዘንድ ነው። እዚያ ቆሜ ፎቶ መነሳት ከልጅነቴ ጀምሮ እመኝ ነበር።

የእሷ ምክንያት ግን ከእኔ ይበልጣል፤ ያኔ አላመንኩም እንጂ። ጎንደሬ ናት። በ1932 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊ ተመራማሪዎች ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕሎቹን አንስተው ወሰዱ፤ በምትካቸውም ቅጂ ለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። «ቅጂውን አይቼ ነው ያደግሁት፣ ዋናውን አንድ ቀን ልየው» አለችኝ።

ተስማማን። ዘጠኝ ሌሊት፤ አምስቱ ፓሪስ፣ አራቱ ሮም።

ወረቀቱ ቀላል ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ፎቶ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ ለአንድ ሰው 90 ዩሮ የቪዛ ክፍያ። ከማመልከታችሁ በፊት በነበረው ሳምንት ከዘመድ ተበድራችሁ አካውንታችሁን አታሳብጡ። ያስታውቃል።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ።

በአንድ ቪዛ የሚያስገቡት የሸንገን የአውሮፓ አገሮች ሕግ እንዲህ ይላል፦ ሁለት አገር የምትሄድ ከሆነ የምታመለክተው ብዙ ሌሊት ለምታድርበት አገር ነው። ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለምትገባበት። አለቀ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ንባብ ነው። እኔ ግን ቦሌ አካባቢ ቢሮ ላለው አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ከፍዬ ስለነበር ማንበብ አላስፈለገኝም። እሱም ለፈረንሳይ ፎርም ሞላልን።

ከዚያ አንድ ማታ ብቻዬን ስልኬ ላይ ተቀምጬ አበበ የሮጠበትን የአፒያ መንገድ አየሁ። ይህን በእግሬ ሳልሄድ እመለሳለሁ? ሮም ያለው ሆቴል ደግሞ ቅናሽ አለው፤ ቅድሚያ ከከፈልክ፣ ገንዘቡ አይመለስም እንጂ። ከፓሪስ አንዲት ሌሊት ቀንሼ ሮም ላይ ጨመርኩና ከፈልኩ። ለባለቤቴ በኋላ እነግራታለሁ አልኩ። ለጉዳይ አስፈጻሚው ስደውልለት «ችግር የለውም፣ ማን ይቆጥራል!» አለኝ።

ቆጠሩ። የቀጠሯችን ቀን መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የሆቴሉን ወረቀት ዘረጋች። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ቀኖቹን አንድ በአንድ እየነካች ወረደች።

«ዋና መድረሻዎ የት ነው?»

«ፓሪስ።»

«ሮም አምስት፣ ፓሪስ አራት ነው የሚለው። በዚህ ከሆነ ማመልከት የነበረብዎ ለጣሊያን ነው።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። «አምስት?» አለች። አንዲት ቃል። እስከ ሜክሲኮ ድረስ በታክሲ ስንመለስ ሌላ አልተናገረችም።

የሮሙ ሆቴል ተከፍሎበታል፣ አይመለስም። ስለዚህ ለጣሊያን እንደ አዲስ ቀጠሮ ያዝን፤ ሦስት ሳምንት ሄደ። «ቪዛ እኮ በ15 ቀን ይወጣል» ብሎኝ ነበር ያ ሰውዬ። ለአብዛኛው ዓለም እውነት ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ከሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት መደበኛውን ጊዜ 45 ቀን አድርጎታል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አስቀርቶብናል። ሥራው ይህ የሆነ ሰው ይህን እንዴት አያውቅም? አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ብሩን መልስ ብለው ስልኬን ማንሳት ተወ።

ባለቤቴ አስተማሪ ናት። ዕረፍቷ ክረምት ነው፤ ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ ሥራ መግባት አለባት። ፓስፖርታችን ሲመለስ የቀረን ጊዜ ለአምስት ሌሊት ብቻ የሚበቃ ነበር። ሆቴሉ በስንት ልመና ቀኑን አዛወረልን። ፓሪስ በዚያው ቀረች።

ደንቡ ከጉዞው 15 ቀን በፊት ማመልከት ይቻላል ይላል። እባካችሁ ይህን አትመኑ። ስድስት ወር ሲቀረው ማመልከት ስለሚፈቀድ እኔ በአራት ወር ቀድሜ እገባ ነበር። «አንዴ ከሄዳችሁ አይቀር ሁሉንም እዩ» የሚላችሁንም አትስሙ፤ አንድ ከተማ ይበቃል። ሁለት ካላችሁ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አያስፈራችሁ፤ ከሮም ፓሪስ መሄድ ሁለተኛ መግባት ተብሎ አይቆጠርም። ከሸንገን ውጭ፣ ለምሳሌ ሎንዶን ደርሼ ልመለስ ካላችሁ ነው በሩ የሚዘጋው። እንዲሁም «የእነ እንትና ኤምባሲ ቶሎ ይሰጣል» በሚል የካፌ ወሬ ከተማ አትምረጡ።

ሮም? ሙቀቱ አይጣል ነው። ቡና ቆማችሁ ጠጡ፣ ስትቀመጡ ዋጋው ይጨምራል። ውሃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ናሶኒ የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች አሉ። አፉን በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለው ቀዳዳ ውሃው ወደ ላይ ይፈናጠራል። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ የያዘችውን ሃይላንድ እየሞላች አምስት ቀን ዞርን። ቅስቱ ሥር ፎቶዬን ተነሳሁ። ያነሳችኝ እሷ ናት፤ ግማሽ እግሬን ቆርጣዋለች።

በመጨረሻው ቀን ከዚያ ብዙ ወደማይርቀው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ወሰድኳት። በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ በ2005 እ.ኤ.አ. የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው እዚህ ነው ብዬ በእጄ አሳየኋት። መኪናው ይተማል። ሃይላንዷን እንደያዘች ቦታውን ትንሽ አየችው።

«እዚያ ያለውን አስቀርተህ፣ እዚህ የሌለውን ልታሳየኝ ነው ያመጣኸኝ?» አለችኝ።